መተማ ስለተወለድሽ አይደለም የጠቆርሽው

ዱባይ የምትሠራ አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጠየቀች፦ «እኔ ጥቁር ነኝ፣ ታናሼ ቀይ ናት። እናትና አባታችን አንድ ናቸው። አባቴ መተማ ሲሠራ እኔ እዚያ ተወለድኩ፤ እሷ ደባርቅ ከገባን በኋላ ነው የተወለደችው። አያቴ ‹አንቺን የቆላ ፀሐይ አጠቆረሽ፣ እሷን ደጋው አቀላት› ይላሉ። እዚህ ደግሞ አንዱ ህንድ ነሽ ወይ ይለኛል፣ ሌላው የመን ነሽ ወይ ይለኛል። ለመሆኑ የሰውን መልክ የሚወስነው አየሩ ነው ወይስ ዘሩ?»

እህቴ፣ እንጀራዬ የሰው ዘረመል ጥናት ስለሆነ ይሄን ጥያቄ ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም እጠየቃለሁ። ሰው ቡናውን ፉት ይልና «እስቲ አንተ የተማርከው ነገር ነው፣ ይሄ ልጅ ማንን መስሎ ወጣ?» ይለኛል። የጎረቤት ሐሜት ውስጥ እንዳልገባ ስለምፈራ ዝም ብዬ እስቃለሁ። ያንቺ ግን ንጹሕ ጥያቄ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

ሁለቱም ናቸው። ግን አያትሽ በሚሉት መንገድ አይደለም። የመተማ ፀሐይ አንቺን አልቀየረሽም። የቀየረ ፀሐይ ካለ ቅድመ አያቶችሽ ላይ ሲወጣ የኖረው ነው፣ እሱም በብዙ ሺህ ዓመት። ዘር ስል ደግሞ ብሔር ማለቴ አይደለም። ከነማን ተወለድሽ፣ እነሱስ ከነማን ተወለዱ ማለቴ ነው። እዚህ ላይ ቀድመን እንግባባ፣ አለበለዚያ ጨዋታው ወደ ጠብ ይሄዳል።

ፀሐይ ቆዳ ታጠቁራለች፣ እሱ ሐቅ ነው። ግን ያ ጥቁረት ከላይ ነው፣ ሲቆይም ይለቃል፣ ወደ ልጅም አይተላለፍም። ለዚህ ነው የሰው ቀለም ስንለካ ግንባርና እጅ የማንነካው። የኪስ ባትሪ የምታህል መሣሪያ አለች፤ ቆዳው ላይ ትለጠፋለች፣ ብርሃን ትልካለች፣ ምን ያህሉ እንደተመለሰ ታነባለች። የምንለካው የላይኛውን ክንድ በውስጥ በኩል፣ ወደ ብብት ጠጋ ብሎ ነው። አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት ገበሬ እጅጌያቸውን ስጠቀልልላቸው ክንዳቸውን አገላብጠው አዩና «ይሄን ቀለሜን እኔም ካየሁት ቆየሁ» ብለው አሳቁን። የእጃቸው ጀርባና የክንዳቸው ውስጥ የሁለት ሰው ይመስል ነበር።

አንቺም ሞክሪው። እህትሽ ጋ ስትገናኙ ክንዳችሁን አጋጥሙ። ልዩነቱ እዚያም ካለ ነገሩ ከውልደት ነው፤ እዚያ ጋ ከጠፋ ደግሞ ያየሽው የፀሐይ ሥራ ነበር ማለት ነው። አያትሽ ያስተዋሉት ነገር ከባዶ የመጣ አይደለም። የቆላ ሰው ክንዱን ገልጦ ይውላል፣ ደጋ ላይ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ ነው የሚውለው። የደባርቅ ልጅ ጉንጭ ቀላ የሚለውም ብርዱና ንፋሱ እየመታው ነው። ያ ሁሉ ላዩ ላይ ነው።

የአያትሽ ትልቁ ስህተት ግን ሌላ ነው፣ እሱም የሁላችንም ስህተት ነው። ሙቀትና ፀሐይን አንድ እናደርጋቸዋለን። ቆዳ ሙቀትን አያነብም። ቆዳ የሚያነበው አልትራቫዮሌት የሚባለውን፣ ዓይን የማያየውን ጨረር ነው። ይሄ ጨረር ደግሞ ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር ይበረታል እንጂ አይደክምም፣ በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ። ስለዚህ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ደባርቅ ላይ፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ እየገባ፣ ከመተማ የባሰ ጨረር ነው የሚወርድብሽ። አንድ ወዳጄ ስሜን ተራራ ወጥቶ፣ «ብርድ ነው» ብሎ ባርኔጣውን ትቶ፣ ሲመለስ አፍንጫው ተልጦ ነበር፤ ሰውየው ደግሞ ጥቁር ነው! ሙቀት የሚያጠቁር ቢሆን ኖሮ የዓለም ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ዳሎል ዙሪያ በተገኘ ነበር። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ነው፣ የዓመቱ አማካይ ሙቀትም 34 ዲግሪ ያልፋል። አፋሮች ግን ከኢትዮጵያ ጥቁሮቹ አይደሉም።

ታዲያ ጨረሩ ቆዳችንን ለምን ይቀርጸዋል? ሁለት ነገር እየጎተተው ነው። እርጉዝ ሴት ጤና ጣቢያ ስትሄድ የሚሰጧትን ፎሊክ አሲድ የሚባል ክኒን ታውቂዋለሽ አይደል? በምግብ የምናገኘው የዚሁ ዘመድ ፎሌት ይባላል። ፎሌት ካነሰ የፅንሱ አከርካሪና አንጎል በደንብ ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል። ጠንካራ ጨረር ደግሞ ሰውነት ውስጥ ያለውን ፎሌት ይሰብራል። ሜላኒን፣ ማለትም የጥቁረታችን ቀለም፣ እንደ ጥላ ይከላከላል። በሌላ በኩል ሰውነት ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ያው ጨረር ቆዳ ውስጥ ሲገባ ነው። ጥላው ከበዛ ፀሐይ በሌለበት አገር አጥንት ይልፈሰፈሳል። ኒና ጃብሎንስኪና ጆርጅ ቻፕሊን የሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች በ2000 ዓ.ም (በፈረንጆቹ፣ ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በነሱ ነው) ከሳተላይት የተሰበሰበ የጨረር ልኬት ከሰው ቆዳ ልኬት ጋር አስተያዩ። ሁለቱ በሚገርም ሁኔታ ተጣጣሙ። ጨረር የበዛበት ቦታ ጥቁር፣ ያነሰበት ቦታ ነጣ ያለ።

ግን ሁሌ አይደለም፣ ዘር የሚገባውም እዚህ ጋ ነው። አማዞን ወንዝ ዳር የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ከምድር ወገብ አጠገብ ናቸው፤ ቀለማቸው ግን በዚያው መስመር ላይ ካለ አፍሪካዊ በጣም ይነጣል። አሜሪካ ከገቡ ከ10,000 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፣ ይሄም ሁሉ ጊዜ አልበቃም። ግሪንላንድና ሰሜን ካናዳ ያሉት ኢኑዊቶች ደግሞ ፀሐይ ለወራት በማትወጣበት አገር ጠየም ብለው ቀርተዋል። ቫይታሚን ዲውን ከዓሣና ከባሕር እንስሳት ስብ ያገኙታል፣ የመንጣት ችኮላ አልነበረባቸውም። ቅርባችን ያለውንም እይ። ወገኖቻችን በ1984 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል ገቡ። እዚያ ተወልደው ዛሬ ራሳቸው ወላጅ የሆኑት ልጆች እንደ ወላጆቻቸው ናቸው። አየር በ40 ዓመት ቀለም አይለውጥም። በመተማና በደባርቅ መካከል ባለው የሁለትና የሦስት ዓመት ልዩነትማ ጭራሽ!

የአየር ሥራ ወንፊት ነው። ለአንድ ቦታ የማይመች ባሕርይ ያለው ሰው ጥቂት ያነሰ ልጅ ያሳድጋል፣ የሚመቸው ጥቂት ይበልጥ ያሳድጋል፣ ይሄ በመቶ ትውልድ ሲደጋገም አገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ወንፊቱ ላይ የሚፈሰው እህል ግን ከዘር ነው የሚመጣው። የሌለ ነገር አይነፋም።

አሁን ወደኛ አገር። ጋሞ ደጋ ላይ ሞታ የሚባል ዋሻ አለ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። እዚያ የተቀበረ የአንድ ሰው አጽም በ2012 ተገኘ። ዕድሜው 4,500 ዓመት ገደማ ነው። ባይራ አሉት፣ በጋሞኛ የበኩር ልጅ እንደማለት። ከአፍሪካ የጥንት ሰው ሙሉ ዲኤንኤ ሲነበብ የሱ የመጀመሪያው ነበር፤ ውጤቱም በ2015 ወጣ። ዓይኑ ቡናማ ነበር። ዛሬ ከቆዳ መቅላት ጋር ከሚያያዙት የታወቁ የጂን ለውጦች አንዱም አልተገኘበትም። የዛሬ ሰዎች ውስጥ በጣም የሚቀርቡት በደቡብ ያሉት አሪዎች ናቸው። ልብ በይ፣ ባይራ የደጋ ሰው ነው። ደጋ የሚያቀላ ቢሆን እሱ በቀላ ነበር።

ከባይራ በኋላ ምን መጣ? ሰው መጣ። ከምዕራብ እስያ ወገን፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮም በሰሜን ዞሮም፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተለያየ ዘመን። በ2012 የታተመ አንድ የዘረመል ጥናት ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋ የሚናገሩ ኢትዮጵያውያንን አጥንቶ፣ ከዘር ግንዳቸው ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከአፍሪካ ውጭ ካሉ ሕዝቦች ጋር እንደሚገጥም፣ ድብልቁም ወደ 3,000 ዓመት እንደሚጠጋ አስልቷል። ይሄን ሲሰሙ «አየህ፣ እኛ ዓረብ ነን» የሚሉ አሉ። አይደለንም። ቀሪው ግማሽ እኮ ከዚሁ የበቀለ ነው! እና ይሄ ድብልቅ በአማራና በኦሮሞ፣ በትግሬና በአገው ላይ በጣም ይመሳሰላል፤ ዲኤንኤ አይቼ ቋንቋ ገምት ብትይኝ እፈራለሁ።

ከእነዚያ እንግዶች ጋር አንዲት ፊደል ገባች። የሰው ዲኤንኤ 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደል ነው። ኤስኤልሲ24ኤ5 የሚባል ጂን ላይ አንዷ ፊደል ስትቀየር የሜላኒን ምርት ይቀንሳል። ጂኑ ለቆዳ ቀለም ያለው ሚና በ2005 የታወቀው ከዓሣ ነው፤ የጥናት ቤት ትንንሽ ዓሣዎች ላይ ያለው ጥቁር መስመር የደበዘዘበትን ምክንያት ሲፈልጉ። አውሮፓ ውስጥ ይቺ የተቀየረች ፊደል የሌለው ነባር ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ በብዛት አለች። ሳራ ቲሽኮፍ የምትመራው የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2017 ባወጣው ጥናት ኢትዮጵያ፣ ታንዛኒያና ቦትስዋና ሄዶ የሰው ክንድ እየለካ ይሄንኑ አሳይቷል።

እና አንቺና እህትሽ? ወላጆችሽ እያንዳንዳቸው የዚችን ፊደል አንድ ቅጂ ይዘዋል እንበል፣ ሁለቱም ጠይም ሆነው። ልጅ ከናቱ አንድ፣ ካባቱ አንድ ይወስዳል። ከአራት አንዱ ዕድል ሁለቱንም የቀላውን መውሰድ ነው። ከአራት አንዱ ዕድል ሁለቱንም አለመውሰድ ነው። ቀሪው መሐል ላይ ይወድቃል። እህትሽ ሁለቱንም ወሰደች፣ አንቺ አንዱንም አልወሰድሽም፣ ካርታው ሲበወዝ እንዲህ ደረሳችሁ። በእርግጥ ቀለም ላይ እጁን የሚያስገባ ጂን ይሄ ብቻ አይደለም፣ በርካታ ነው፤ ግን ብልሃቱ ያው ነው። ስለዚህ ሐሜተኛ ጎረቤት ካለ ዝም አሰኙልኝ።

የህንዱን ጥያቄ በጣም ነው የወደድኩት። ሰዎቹ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ያቺ የቀላች ፊደል ህንድ ውስጥም ሞልታለች፣ የህንዱም የአውሮፓውም ቅጂ ከአንድ ጥንታዊ ሰው የወረደ ነው። ከዚያ ይባስ፣ በዚያው በ2017 ጥናት ኤምኤፍኤስዲ12 የሚባል ሌላ ጂን ላይ ጥቁረት የሚጨምሩ ለውጦች ተገኙ። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ብዙ ናቸው። ደቡብ ህንድም፣ ሜላኔዥያ በሚባሉት የፓስፊክ ደሴቶችም አሉ። ስለዚህ ከህንዷ ጋር ቅላቱንም ጥቁረቱንም የሚያካፍል ነገር አላችሁ፣ በዝምድና ግን ሩቅ ናችሁ። የፓፑዋ ኒው ጊኒ ሰው ካየሽ የጋምቤላ ሰው ይመስልሻል። በዘር ሐረግ ግን ፓፑዋዊው ለጋምቤላው ከሚቀርበው ይልቅ ለቻይናው ይቀርባል። ቀለም ስለ ፀሐይ ብዙ ያወራል፣ ስለ ዝምድና የሚያውቀው ጥቂት ነው። የመኑን በተመለከተ ግን፣ እሱ ጎረቤት ነው፣ ባሕሩ ጠባብ ነው፣ ሰው ሲመላለስበት ኖሯል፣ ብትመሳሰሉ አይግረምሽ።

ቀለም ብቻ አይደለም መልክ። ስለ ቁመና ሳስረዳ ሁሌ የምጠቀምባት ምሳሌ አለችኝ። አንድ ዓይነት ክብደት ያለው ሊጥ ወስደሽ ግማሹን እንጀራ፣ ግማሹን ድፎ ዳቦ አድርጊ። እንጀራው ሰፌድ ላይ እንዳረፈ ይቀዘቅዛል። ድፎው ኮባውን ስትገልጪለት ገና ይተናል፣ መሐሉ እስከ ማታ ለብ ይላል። ሰውነትም እንዲሁ ነው። ረጅምና ቀጭን፣ እጅና እግሩ የተሳበ ሰው ቆዳው ብዙ ነው፣ ሙቀት ቶሎ ይለቃል። አጠር፣ ደልደል ያለ ሰው ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ቤርግማን የሚባል ጀርመናዊ በ1847፣ አለን የሚባል አሜሪካዊ በ1877 በእንስሳት ላይ ያዩት ነገር ነው፣ ሰው ላይም በደፈናው ይሠራል። ድፎው ኢኑዊት ነው፣ እንጀራው ጋምቤላ ያለው ኑዌር።

ግን እዚህ ጋ ሦስተኛ ነገር ይገባል፣ አንቺ ያልጠየቅሽው። በ1953 እና 54 በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን የተለኩ ዲንካ ወንዶች በአማካይ ከ181 ሴንቲ ሜትር በላይ ነበሩ። በ1995 የወጣ ሌላ ጥናት ጦርነት ሸሽተው ኢትዮጵያ ስደተኞች ካምፕ የገቡ ዲንካ ወንዶችን ለካ፤ 176 ገደማ ሆኑ። ዘሩ ያው፣ ሙቀቱም ያው። የጎደለው በልጅነት ወተቱ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ሙሉ! ስለዚህ ሰው «እነ እገሌ በዘራቸው አጭር ናቸው» ሲል መጀመሪያ የምጠይቀው ልጆቹ ምን እንደሚበሉ ነው።

አፍንጫን በተመለከተ ብዙ አልቆይበትም። አፍንጫ አየሩን ሳንባ ሳይደርስ የሚያሞቅና የሚያረጥብ ቧንቧ ነው። በ2017 ከአራት የዓለም ክፍል የዘር ግንድ ያላቸው ሰዎች አፍንጫ ሲለካ፣ የቀዳዳው ስፋት ከአየሩ ሙቀትና እርጥበት ጋር ሲሄድ ታይቷል። ሞቃትና እርጥብ አገር ሰፋ፣ ብርድና ደረቅ አገር ጠበብ። የኛ ሰልካካ ግማሹ ከዚያ ድብልቅ የወረደ ሊሆን ይችላል፣ ግማሹ ከደረቅና ቀዝቃዛ ደጋ። እሱን በአንድ ሰው ፊት ላይ ለይቶ የሚነግርሽ ካለ ጠንቋይ ነው።

ፀጉር ግን ደስ ይላል። በ2023 የታተመ ጥናት ላይ ሰውነቱ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ አሻንጉሊት አቆሙ። ሉጫ፣ ዞማና ከርዳዳ ዊግ እያፈራረቁ አደረጉለት፣ ያለ ፀጉርም ሞከሩት፣ ከላይ እንደ ፀሐይ የሚያቃጥል መብራት ለቀቁበት። ጭንቅላቱን ከፀሐይ በደንብ የጠበቀው ከርዳዳው ነው። ቆዳውና የፀጉሩ ጫፍ መካከል አየር ይቆማል፣ ጃንጥላ በይው። እናቶቻችን ሲያበጥሩን እንባችንን ያፈሰሰው ጎፈሬ ለካ ላብ ቆጣቢ ነበር።

ደጋው ምንም አላደረገም እንዴ ካልሽኝ፣ አድርጓል፣ ግን መስታወት ላይ የማይታይ ቦታ። ስሜን ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮች ደም በ2002 በታተመ ጥናት ሲመረመር፣ ሄሞግሎቢናቸውም (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) የኦክስጅን መጠናቸውም ከባሕር ዳርቻ ሰው ብዙም አልራቀም። አየሩ ቀጭን ሆኖ! የአንዲስ ተራራ ሰው በዚያ ከፍታ ደሙን ያወፍራል። የቲቤቱ ሰው ኦክስጅኑ እያነሰም ይችለዋል። የኛዎቹ ሦስተኛ መንገድ ነው ያገኙት። ለአያትሽ ይሄን ንገሪልኝ፣ ደስ ይላቸዋል፦ ደጋው ሰው ሠርቷል፣ ግን በቀለም ሳይሆን በትንፋሽ።

ሳልጽፈው የማልተወው አንድ ነገር አለ። ጥያቄሽ ውስጥ «ጥቁር ነኝ» ያልሽበት አጻጻፍ ትንሽ ቅር የሚል ነገር ነበረበት፣ ወይ እኔ ነኝ ያጋነንኩት። ባሕረ ሰላጤው ላይ ለጥቁር ሴት የሚሸጥ የማቅያ ክሬም በየሱቁ ነው። ከነዚህ ውስጥ ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ የተቀላቀለባቸው አሉ። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፣ ስቴሮይዱ ቆዳ ያሳሳል። ለውጡ ደግሞ ክሬሙን እስካቆምሽ ድረስ ብቻ ነው፤ ጂኑ አይሰማም። እባክሽ ገንዘብሽን ለቤት ላኪበት።

ከዚያ ይልቅ ይሄን አድርጊ። ከማለዳ እስከ ማታ ቤት ውስጥ የምትሠሪ፣ ስትወጪም ተሸፋፍነሽ ከሆነ፣ ያ ሁሉ የዱባይ ፀሐይ ቆዳሽ አይደርስም። ጥቁር ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ከቀዩ የበለጠ ፀሐይ ይፈልጋል። እስራኤል የገቡት ወገኖቻችን ላይ ሐኪሞች በብዛት ያገኙት እጥረት ይሄ ነው፤ ስቶክሆልምና ሚኒያፖሊስ ላሉትም ያው ነው። ጀርባሽን፣ ጉልበትሽን የሚቆረጥምሽ፣ ደረጃ ስትወጪ እግርሽ የሚከብድሽ ከሆነ ሥራው ነው ብለሽ አትተይው። በሚቀጥለው ክሊኒክ ስትሄጂ «ቫይታሚን ዲ ለኩልኝ» በያቸው፣ አንድ የደም ምርመራ ናት።